በማን ማሳ ላይ እናድራለን?

ክረምታችን ለእነሱ በጋ ነውና፣ ሐምሌ ሲገባ ዋሽንግተንና አካባቢው በሚኖሩ ሐበሾች ቤት አንድ ወሬ ይነሣል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ሰምተው «ካምፕ እንሂድ» ይላሉ። አባት «ሜዳ ላይ ማደር ሸሽተን አይደል እንዴ የመጣነው?» ብሎ ይስቃል። እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ መጸዳጃ ቤቱ ነው። በመጨረሻ ግን ይሄዳሉ፤ አንዱ ድንኳን ጭኖ፣ ሌላው ደግሞ አሜሪካኖቹ «አር ቪ» የሚሉትን፣ አልጋና ምድጃውን በሆዱ ይዞ የሚዞረውን መኪና ተከራይቶ። ከመነሣታቸው በፊት ታዲያ አንድ ጥያቄ አለ፤ የት ነው የሚታደረው?

ለዚህ የተዘጋጀ ምክር ሞልቷል። ውኃ ይኑረው፣ ጥላ ይኑረው፣ ጎርፍ የማይተኛበት ይሁን፣ ለመኪናው ኤሌክትሪክ የሚሰካበት፣ እጣቢው የሚደፋበት ይኑረው ይላል። ደግ ምክር ነው። እኔ ግን ወደ ምክሩ ታሪክ ልውሰዳችሁ። በካምፕ በር ላይ የተለጠፈ ደንብ እንዲሁ ደርቆ ቢታይም፣ ከጀርባው ሲገለጥ አብዛኛውን ጊዜ የድሮ ጠብ አለበት። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከመኪና ነው። ሄንሪ ፎርድ «ሞዴል ቲ» የተባለችውን መኪና በ1908 ገበያ ላይ ሲያወጣት ዋጋዋ 850 ዶላር ነበር። በ1925 ወደ 260 ዶላር ወረደች። ያኔ ተራው ሰው ቤተሰቡን ጭኖ የባቡር ሰዓት ሳይጠብቅ፣ የሆቴል ሒሳብ ሳይፈራ አገር ለማየት ወጣ። በመሸበትም ያድራል፤ የመንገድ ዳር ቢሆን፣ የትምህርት ቤት ግቢ ቢሆን፣ የገበሬ ማሳ ቢሆን።

በእኛ አገር መንገደኛ ሲመሽበት ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይል ነበር። የአሜሪካም ገበሬ መጀመሪያ ላይ ፊቱን አላዞረም። መሬቱን ፈቀደ፣ ወተትና እንቁላልም ሸጠ። አንድ እንግዳ በረከት ነው። ሰኞ የመጣው ሄዶ ማክሰኞ ሌላው ሲተካ፣ ቅዳሜ ደግሞ አሥር መኪና ሲሰለፍ ግን ነገር ተበላሸ። የአጥሩ እንጨት ማገዶ ሆነ፣ ፍሬው ከነቅርንጫፉ ተቀነጠሰ፣ ሳይዘጋ በታለፈው በር ከብቱ ወጣ፣ ማሳው ላይ የጣሳ ክምር ቀረ። በ1919 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ታምፓ ላይ የተመሠረተው የተጓዦች ማኅበር ራሱን «የጣሳ ቱሪስቶች» ብሎ መሰየሙን ልብ በሉ። እነሱ በቀልድ የጠሩበትን ስም ገበሬው ግን ከማሳው ሲለቅም ይውል ነበር። ቀስ በቀስ በየአጥሩ ላይ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ።

ይህ ለእኛም እንግዳ ታሪክ አይደለም። «ከተማ» የምንለው ቃል «ከተመ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ጉዞውን ገትቶ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። «ሰፈር»ም ያው «ሰፈረ» ነው። የአዲስ አበባ ሠፈሮች በመኳንንቱ ስም መጠራታቸው ዱሮ ከነጭፍሮቻቸው የሰፈሩባቸው ቦታዎች ስለሆኑ ነው። የንጉሥ ሠራዊት ሲጓዝም ማረፊያው የሚመረጠው ውኃ፣ እንጨትና ሣር ታይቶ ነበር። ዛሬ ለካምፕ ከሚሰጠው ምክር ብዙ አይርቅም። እንጨቱና ሣሩ የማን ነው የሚለውን ግን ከባላገሩ በቀር የሚጠይቅ አልነበረም።

አሜሪካኖቹ መላ ፈለጉ። በ1920ዎቹ ከተሞች የራሳቸውን የመኪና ካምፕ አዘጋጁ። በዴንቨር የነበረው ኦቨርላንድ ፓርክ 160 ኤከር፣ በእኛ ልክ አንድ ጋሻ ተኩል ያህል ነበር። መግቢያው ብዙ ቦታ ነፃ ነበር፤ ምክንያቱም ያደረው እንግዳ ጠዋት ዳቦና ቤንዚን ይገዛል። ችግሩ፣ ነፃ ማደሪያ የሚመጣበት ሽርሽረኛ ብቻ አይደለም። ሥራ ፍለጋ ልጆቹን በአሮጌ መኪና ጭኖ የሚንከራተተውም መጣ። ያኔ ብዙዎቹ ከተሞች ማስከፈል ጀመሩ። ክፍያው ለውኃና ለጥበቃ ወጪ ነበር፤ ድኻውን ከበር ለመመለስም ነበር።

ቀጥሎ የተጣላው ዛፉ ነው። ማይኔክ የተባለ የዕፅዋት በሽታ ሊቅ በ1928 የካሊፎርኒያን ግዙፍ ዛፎች ሲመረምር፣ መኪናና እግር አፈሩን እየደመደመ ሥሩን እንደሚያፍነው አሳየ። በ1932 መፍትሔውን ጻፈ። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ የሚዞር ይሁን፣ እያንዳንዱ መኪና የተወሰነ ማቆሚያ ይኑረው፣ ጠረጴዛውና ምድጃውም ቦታቸው አይለወጥ አለ። ዛሬ ካምፕ ገብታችሁ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ስታዩ የማይኔክን እጅ እያያችሁ ነው።

ከሁሉ የከበደው ጠብ ግን ለእኛዎቹ ቅርብ በሆነ ቦታ የተደረገው ነው። ከዋሽንግተን በስተምዕራብ 75 ማይል ያህል ርቆ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ሐበሻውም ቅዳሜና እሑድ ይሄድበታል። ተራራው ጫካ ይምሰል እንጂ እርሻ ነበር። ቨርጂኒያ በ1928 ባወጣችው ሕግ መሬቱን በግዴታ ገዛች። በ1930ዎቹ ወደ 500 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከቀዬአቸው ተነሡ። ርስት የነበረው ካሳ አገኘ፤ በሰው መሬት ላይ ያረሰው ጭሰኛ ግን ለመሬቱ የሚከፈለው አልነበረም። ፓርኩ በ1935 ተቋቁሞ፣ በ1936 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ራሳቸው ተገኝተው መረቁት። ዛሬም በጫካው ውስጥ የድንጋይ ካብ፣ የጭስ ማውጫና የመቃብር ቦታ ይገኛል።

የተነሡት ሰዎች ቦታ ላይ ማን ሊያድር ነው? በመጀመሪያ መልሱ በቆዳ ቀለም ተከፋፈለ። በ1939 ሉዊስ ማውንቴን የምትባለው ሥፍራ ከነጎጆዋና ከነካምፗ ለጥቁሮች ተለይታ ተከፈተች። ማታ ማደር የፈለገ ጥቁር ቤተሰብ የሚመራው ወደዚያች ነበር። በዚያው ዘመን ቪክቶር ግሪን የሚባል የሃርለም ፖስተኛ ጥቁር መንገደኛ ሳይዋረድ የሚበላበትንና የሚያድርበትን ቦታ የሚዘረዝር መጽሐፍ ከ1936 ጀምሮ ያሳትም ነበር። ለነጩ ቤተሰብ ካምፕ መምረጥ ማለት ጥላና ውኃ ማየት ነው። ለጥቁሩ ግን ጥያቄው «ያስገቡናል ወይ?» ነበር። የፓርኩ መለያየት ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ነው። ሉዊስ ማውንቴን አሁንም የካምፕ ቦታ ናት፤ ማንም ያድርባታል። እዚያ እንጀራውን ዘርግቶ የሚበላው ያገሬ ሰው በ1939 ቢመጣ ኖሮ ምርጫው ይህቺው ብቻ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የንግድ ነው። በ1962 ሞንታና ውስጥ፣ ቢሊንግስ ከተማ የሚኖር ዴቭ ድረም የሚባል ነጋዴ፣ ለዓለም ኤግዚቢሽን ወደ ሲያትል የሚያልፈውን መንገደኛ አይቶ በወንዝ ዳር ካምፕ ከፈተ። የሚያስከፍለው ለአንድ ሌሊት 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር። ዛሬ «ኬ ኦ ኤ» በሚል ስም አገሩን የሞላው ድርጅት ከዚያ ተነሣ። ከፍለህ ትገባለህ፣ የምታገኘውንም አስቀድመህ ታውቃለህ።

የሚገርመው ነገሩ ዞሮ ወደ ገበሬው መመለሱ ነው። በፈረንሳይ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ በአሜሪካ ደግሞ «ሃርቨስት ሆስትስ» በተባለው ድርጅት በኩል ከ2010 ወዲህ፣ ገበሬዎች ባለ አር ቪዎችን በማሳቸው ጥግ ለአንድ ሌሊት ያሳድራሉ። ተጓዡ አባል ሆኖ በዓመት ይከፍላል እንጂ ለአዳሩ አይጠየቅም። መጸዳጃው በራሱ መኪና ውስጥ መሆን አለበት። ከእርሻውም ማር ወይም አይብ እንዲገዛ ይጠበቃል። ወተትና እንቁላል ይሸጥበት የነበረው የድሮው ስምምነት ነው፤ አሁን ግን የጣሳው ክምር ያስተማረው ደንብ ተጨምሮበታል።

ስለዚህ የእርሻ ቦታ ለመረጠ ቤተሰብ ምክሬ አጭር ነው። አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ሳይመሽ ድረሱ። መኪናችሁ ከባድ ከሆነ፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ፣ የት እንደሚቆም ሳትጠይቁ ሣሩ ላይ አታውጡት። የተዘጋ በር ካገኛችሁ ዘግታችሁ እለፉ፤ የተከፈተ ከሆነም እንደተከፈተ ተዉት። ማገዶ እዚያው ግዙ፤ ከሩቅ የመጣ እንጨት ዛፍ የሚገድል ነፍሳት ይዞ ይመጣልና።

ወደ ሸናንዶዋ የምትሄዱ ደግሞ ልጆቹን አንድ ጊዜ ወደ ድንጋዩ ካብ ውሰዷቸው። ካቡን የካበው ሰው ለምን እንደሄደ፣ በሉዊስ ማውንቴንም ማን ብቻ ያድር እንደነበር ንገሯቸው። እዚያው አገር የተወለዱ ናቸውና ታሪኩ የእነሱም ነው።