አንድ ስም፣ ሁለት ሸማ

በመርካቶ «ተራ» የሚባለው አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ጎን ለጎን የተሰለፉበት ስፍራ ሲሆን፣ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ ተራና ሸማ ተራ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ልማድ ነው። ገዢው ከሱቅ ወደ ሱቅ እየተሻገረ ዕቃን ከዕቃ እንዲያወዳድር የሚያስችለው ይህ አሰላለፍ በየትኛውም ተራ ይጠቅማል፤ ለሸማ ግን ከጥቅም አልፎ ግዴታ የሆነው፣ ስማቸው፣ ስፋታቸውና ጥለታቸው አንድ የሆነ ሁለት ነጠላዎች በዓይን ሲታዩ መንትያ ቢመስሉም፣ ከለበሷቸውና ካጠቧቸው በኋላ አንዱ ጥቅጥቅ እንዳለ ሲቆይ ሌላው ሳስቶና ተሸብሽቦ ሊገኝ ስለሚችል ነው።

የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን የያዘው የጣሊያን አስተዳደር ነዋሪውን በዘር ለመለየት ባወጣው ዕቅድ መሠረት የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ መርካቶ የሚለው ስምም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ሸማኔዎቹ ግን ከዚያ ቀደም ብለው የመጡ ናቸው። የጋሞ ደጋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በምኒልክ ግዛት ውስጥ ከተጠቃለለ በኋላ፣ በሽመና የታወቁት የዚያው ደጋ ዶርዜዎች ወደ አዲሲቱ ከተማ እየፈለሱ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ሰፈሩ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ሸማኔው ምን ያህል ይናቅ እንደነበር ያሳያል፤ ሸማ የሠሪውን ስም ሳይዝ ለገበያ የሚወጣበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ንቀት ሳይሆን አይቀርም። ስም በሌለበት ደግሞ ለገዢው የሚቀረው ጨርቁን ራሱን መመርመር ብቻ ነው።

የልዩነቱ የመጀመሪያ ምንጭ ክሩ ነው። ድር በሸማኔው ዕቃ ላይ በቁመት የሚወጠረው ክር ሲሆን፣ ማግ ደግሞ በመወርወሪያ እየተላከ ድሩን በአግድም የሚያቋርጠው ነው። ጥጡ ፍሬው በመዳመጫ ተለቅቆ፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ከሆነ በኋላ በሴቶች እጅ በእንዝርት ይፈተል ስለነበር፣ የክሩን ውፍረት የሚወስኑት የፈታይዋ ጣቶች ነበሩ፤ «ቀጭን ፈታይ» የሚለው ሙገሳ ሊኖር የቻለውም ሁሉም ሴት ቀጭን ስለማትፈትል ነው። አንዲቱ ፈታይ እንኳ ጧት የጀመረችውን ልቃቂት ማታ በዚያው ጥብቀት አትጨርሰውም። ጠብቆ የተጠመዘዘው ክር ጠንካራ ግን ሻካራ፣ ላላ ያለው ደግሞ ለስላሳ ግን ቶሎ የሚሳሳ በመሆኑ፣ የብዙ ቤት ልቃቂት ተቀላቅሎ የገባበት ሸማ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው ምንጭ ሸማኔው ነው፤ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ የሚሠራ ሸማኔ እያንዳንዱን ማግ በእጁ መትቶ ስለሚያጠብቅ፣ የድሩ ውጥረትና የምቱ ብርታት የጨርቁን ጥግግት ይለውጣሉ። መለኪያው ራሱም አይጸናም፤ ክንድ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርቀት ነውና የረጅም ሰው ክንድ ከአጭሩ ይበልጣል።

ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ የቆመው አቡጀዲ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአብዛኛው ከአሜሪካ ይመጣ የነበረው ይህ የፋብሪካ ጨርቅ ከጣቃ ጣቃ እምብዛም ስለማይለያይ፣ ገዢው ጨርቁን ትቶ ምልክቱን ማመን ተማረ፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የጃፓን ጨርቅ ገበያውን ያዘ። መርማሪነቱ ግን ከገበያተኛው አልጠፋም፤ የሚከፍልበት ጠገራ ብር እንኳ፣ በየትኛውም ዓመት ቢታተም 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የያዘ ሆኖ ሳለ፣ በላዩ በተቀረጸችው ንግሥት ዘውድ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ካልታዩ የማይቀበለው ሰው ነበር።

ማሽን ልዩነትን እንደሚያጠፋ መገመት ቀላል ቢሆንም፣ የዘመናችን እጅግ ረቂቅ ፋብሪካ የሚሠራው ዕቃ ያንኑ የሸማ ተራ ጥያቄ ያስነሣል። የኮምፒውተርን ምስል የሚያሰላው ግራፊክስ ካርድ ልቡ ቺፕ ሲሆን፣ ብዙ ቺፖች በአንድ የሲሊከን ገበታ ላይ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ ሆኖም በቢሊዮን የሚቆጠሩት ትራንዚስተሮች፣ ማለትም ጥቃቅን የኤሌክትሪክ በሮች፣ በስፋታቸውና በውፍረታቸው ከቦታ ቦታ በጥቂቱ ይለያያሉ። አምራቹ ሁሉንም ፈትሾ ይመድባል፤ በ2016፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የወጡት ጂቲኤክስ 1080 እና 1070 የተባሉት ካርዶች አንድ ዓይነት ቺፕ የያዙ ሲሆን፣ የመጀመሪያው 2560፣ ሁለተኛው 1920 የስሌት ክፍሎች ክፍት ሆነውለት ተሽጧል። በአንድ ስም የሚሸጡትም ቢሆኑ የተጻፈው ፍጥነት ደካማው ቺፕ እንኳ የሚችለው እንዲሆን ስለሚወሰን፣ ብርቱው የተረፈ አቅም ይዞ ይወጣል፤ ካርዱን ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር ኦቨርክሎኪንግ፣ የሚጠቀመው በዚህ ትርፍ ነው። ትርፉ ከካርድ ካርድ ስለሚለያይና ማቀዝቀዣውም ስለሚወስነው ውጤቱ አንድ አይሆንም። የካርዱ ማስታወሻም (ሜሞሪው) ራሱን የቻለ የልዩነት ምንጭ ነው፤ ከ1070 ካርዶች አንዳንዶቹ የሳምሰንግ፣ ሌሎቹ የማይክሮን ማስታወሻ ነበራቸው። ሸማ በመታጠብ፣ ካርድ በመገፋት እስኪፈተን ድረስ የሁለቱም ልዩነት አይታይም።

ወደ ሸማው ስንመለስ፣ በአገር ውስጥ የድሬዳዋና የአቃቂ፣ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሲቋቋሙ፣ በእንዝርት ይፈተል የነበረው ክር በቁጥር በሚለካ ክር እየተተካ መጣ። ይህ ቁጥር በእንግሊዝ መለኪያ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 454 ግራም ያህል ክር፣ እያንዳንዱ 768 ሜትር ያህል የሚረዝም ስንት ጥቅል እንደሚወጣው ይናገራል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክሩ ይቀጥናል። ከአንድ ጥቅል የተወሰደ ድርና ማግ ለሁለት ሸማኔዎች ቢሰጥ ዛሬም የሚወጡት ሁለት ነጠላዎች አይመሳሰሉም፤ ማጉ የሚመታው አሁንም በእጅ ነውና።