የማይታረድ ቁርስ

የዶሮ ወጥ እንቁላል በቁጥር ነው። ዶሮዋ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣታል፣ እንቁላሉም በእንግዳው ልክ ይቀቀላል፤ ለማን ደረሰ፣ ማን ቀረበት ይባልበታል። መጥበሻ ላይ የተሰበረ እንቁላል ግን ቆጣሪ የለውም። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በርከት ካለ ሦስት እንቁላል አራት ሰው ያበላል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ እናቴ ቁርስ ቤት ውስጥ ምድጃ ሥር ስላደግሁ ይሆናል፣ የአዲስ አበባን ታሪክ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ በመጥበሻው በኩል ማየት ይቀናኛል።

እንቁላሉን የሚያጅበው ብዙው መጤ ነው። ቲማቲምና ቃሪያ ዘራቸው ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው። የጂቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የወደብ ሸቀጥ በሐዲድ ይገባ ጀመር፤ የየመን ዐረቦችም በየሰፈሩ ሱቅ ነበራቸው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን ገበያውን ከአራዳ ወደ መርካቶ አዛወረ፤ ሲወጣ ፓስታውና ስልሱ እዚሁ ቀሩ።

የመኖች ሻክሹካቸውን እንደኛው እንቁላል ፍርፍር አድርገው ያማስሉታል፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በዳቦ። የቱኒዚያና የሊቢያ አይሁዶች ግን አስኳሉን ሳይነኩ ስልሱ ላይ ይሰብሩታል፤ ወደ እስራኤል ሲፈልሱም ይዘውት ሄደው ዛሬ የአገሩ ቁርስ ሆኗል። እኔ ከየመኖቹ ወገን ነኝ።

እናቴ ሳህን ውስጥ የተመታ እንቁላል አትወድም ነበር። ሽንኩርቱ ለስልሶ ቲማቲሙ ውኃውን ሲጨርስ፣ እንቁላሉን እዚያው መጥበሻው ላይ ሰብራ በማንኪያ ጀርባ ሁለት ሦስቴ ብቻ ታዞረዋለች። ነጩ ነጭ፣ ቢጫው ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። ቃሪያው መጨረሻ ላይ ይገባል፣ እሳቱም ወዲያው ይጠፋል፤ ካልጠፋ ይደርቃል።

የቀረው የደንበኛው ፈንታ ነው። የጉራጌ ነጋዴው «እማማ፣ በቅቤ ይሁንልኝ» ይላል። የድሬዳዋ ሾፌሮች ቢስባስ የሚሉት የቃሪያ ማባያ ካልቀረበላቸው አይቆርሱም። ስልስ ከተረፈ ስልሱ ይገባል፣ በርበሬ ያማረውም በበርበሬ ይበላል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ለምን እዚህ መጥበሻ ላይ ተገናኘ? ሥጋ ላይስ ለምን አልተገናኘም? በአገራችን የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ተለይቶ ይታረዳል፣ ተለይቶም ይበላል፤ የሥጋ ቤቱ ምልክትም ለዚሁ ነው። እንቁላል ግን አይታረድም። ማን ባረከው ተብሎ አይጠየቅም። ሙስሊሙ ሾፌርና ክርስቲያኑ ነጋዴ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከአንድ መጥበሻ የወጣ ምግብ የሚበሉት በመቻቻል ስብከት አይመስለኝም፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስብከት የሚሰማ ሆድ የለም።

እንቁላልን የሚያግደው ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ሙሉ፣ ክርስቲያኑ ፊቱን ያዞርበታል። ያን ጊዜ ቁርስ ቤቱን የሚያቆመው የዐረቦቹ ፉል ነው፤ ባቄላ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ምንም የሚያስገድፍ የለበትም። በረመዳን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጠዋት የጠፋው ሙስሊም ደንበኛ ማታ ለማፍጠሪያ ያንኑ ፉል ፍለጋ ይመጣል። ሁለቱ ጾሞች የተገጣጠሙ ዓመት እናቴ ጠዋት ጠዋት በሩን ገርበብ አድርጋ ሽሮ ትነፋ ነበር።

ፋሲካ ሲውል እንቁላሉ ተመልሶ ፉሉ ላይ ይወጣል፣ እርጎም ይጨመርበታል፤ ስሙ ስፔሻል ይባላል፣ ዋጋውም አብሮ ይወጣል።