የማዕድ ትዝታ እንደ ታሪክ ሰነድ

በባዕድ አገር ስለ መኖርና ስለ መብላት የተጻፉ የጉዞ ማስታወሻዎችን የሚያነብ ሰው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያገኛል። አንደኛው ደስታ ነው፦ ያልቀመሰውን ይቀምሳል፣ ያልረገጠውን ገበያ ይዞራል። ሁለተኛው ዕውቀት ነው። የመንግሥት ደብዳቤ ስለ ድንበርና ስለ ግብር ይነግረናል። ሰው ዕለት ዕለት ምን እንደ ጎረሰ፣ ከማን ጋር እንደ ተቀመጠ፣ ምን አጥቶ በምን እንደ ተካው የሚነግረን ግን አብዛኛውን ጊዜ የመንገደኛው ማስታወሻ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ለብዙ ዘመን ተጽፈናል፤ ራሳችን የጻፍነው ግን ጥቂት ነው። ይህ ጉድለት ከስሜት አልፎ በአደባባይ ጉዳይም ዋጋ ያስከፍላል።

ስለ ማዕዳችን ቀድመው የጻፉት እንግዶች ናቸው (ሌላ ካልተባለ ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1540 ሊዝበን ላይ በታተመው መጽሐፉ የዐፄ ልብነ ድንግልን ዘመን ሲያስቃኝ ጠጁንም ጥሬ ሥጋውንም አልዘለለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደርን አይቶ ከተመለሰ በኋላ በ1790 አምስት ቅጽ አሳተመ። በሕይወት ካለች ላም ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱ ግን የለንደንን ሰው አላሳመነም፤ መሳለቂያም አደረገው። በ1840ዎቹ ከሦስት ዓመት በላይ በአገራችን የኖረው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ደግሞ ጫማውን አውልቆ፣ ጸጉሩን ቅቤ ተቀብቶ፣ እንደ ባላገሩ በልቶ በ1853 መጽሐፉን አወጣ። የፓርኪንስ መጽሐፍ ዛሬም የሚጥመው፣ ጸሐፊው እንግዳ ሆኖ ከመደነቅ አልፎ የለመደውን ኑሮ ስለሚተርክ ነው።

ሦስቱም ግን አንድ ጉድለት ይጋራሉ። ወንዶች ነበሩ፤ በቀረበላቸው ማዕድ የተቀመጡ። እህሉን የፈጨችው፣ ሊጡን ያቦካችው፣ በጭስ ዓይኗ የቀላው ሴት በገጾቻቸው ላይ ስም የላትም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ከጣዕሙ ጋር «ማን አበሰለው?» የሚለውንም ጥያቄ ይዞ ቢያነብ ይጠቀማል።

የእኛዎቹ ተጓዦች ዓይን ወደ ሌላ ነገር የተቃና ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደ ጃፓን ተልከው ሲመለሱ በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳተሙ። የመጽሐፉ ዓላማ አንዲት እስያዊት አገር ነጻነቷን ሳታጣ እንዴት እንደ ሠለጠነች ለአገራቸው ሰው ማሳየት ነበር። ለዘመኑ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የመልእክተኛ ጥያቄ ግን የስደተኛ ጥያቄ አይደለም። የስደተኛውን ጥያቄ በዓለም አንባቢ ፊት ያነሣው ማርቆስ ሳሙኤልሰን ነው። ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ እናቱን በሳንባ ነቀርሳ አጥቶ፣ በስዊድን በማደጎ ያደገው ይህ የወጥ ቤት ባለሙያ በ2012 ባሳተመው «የስ፣ ሼፍ» የተሰኘ ግለ ታሪኩ፣ ፊቷን የማያስታውሳትን እናቱን በበርበሬ በኩል ይፈልጋታል። ምግብ ማብሰልን ያስተማረችው ግን ስዊድናዊቷ አያቱ ናት። ሁለት አገር በአንድ ሰው እጅ ላይ እንዴት እንደሚገናኝ የትኛውም የፍልሰት ሪፖርት በዚህ መልክ አያሳይም።

አትላንታ ላይ ሆነን ስናነብ ሌላ አብነትም ቅርባችን ነው። ከደቡብ ካሮላይና የባሕር ዳርቻ ሕዝብ የተወለደችውና በወጣትነቷ ፓሪስ የኖረችው ቨርታሜ ስማርት ግሮቭነር በ1970 ባወጣችው መጽሐፍ ጉዞን፣ ትዝታንና የምግብ አሠራርን ቀላቅላ ጽፋለች። ምግብ ስትሠራ እንደማትለካም በኩራት ትናገራለች። በዓይን መጥና፣ በእጇ ቆንጥራ የምታበስል እናት ያለችው ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል። የመጨረሻ ዘመኗን በዲኬተር ያሳለፈችው ኤድና ልዊስም በ1976 መጽሐፏ፣ ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች በቨርጂንያ የመሠረቷትን የትውልድ መንደሯን በየወቅቱ ማዕድ አማካይነት ከመረሳት አድናታለች።

ከዲኬተር እስከ ክላርክስተን በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። ከ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በኋላ፣ ከደርግ ሸሽተው በሱዳን በኩል ከመጡ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ኑሮን የጀመሩት በዚህ አካባቢ ነው። ያ ትውልድ ጤፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ በስንዴና በገብስ ዱቄት እንጀራ ጋግሯል። በአሜሪካ የሚኖሩ የኖርዌይ ስደተኞች ልጆች ስስ ቂጣቸውን የሚጋግሩበትን የኤሌክትሪክ ምጣድም ብዙ የሐበሻ ቤት ለእንጀራ አውሎታል። ይህ ብልሃት የፈጠራ ታሪክ ነው፤ የተጻፈው ግን እምብዛም ነው።

ያልተጻፈ ዕውቀት ምን ሊደርስበት እንደሚችል የጤፍ ጉዳይ አሳይቶናል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2007 ስለ ጤፍ ዱቄት አሠራር የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። ሄግ የሚገኘው ፍርድ ቤት በ2018 ኔዘርላንድ ውስጥ የፈጠራ ይዘት የለውም ብሎ እስኪሽረው ድረስ፣ እናቶቻችን ለዘመናት ያወቁት ሥራ የሌላ ንብረት ተደርጎ ተመዝግቦ ነበር። የትዝታ መጽሐፍ ብቻውን ፓተንትን አያስቆምም። ነገር ግን ዘመኑ የታወቀና ለሕዝብ የታተመ ጽሑፍ፣ አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ እንደ ነበረ ማስረጃ ይሆናል። በቃል ብቻ የሚተላለፍ ሙያ ይህ ጥበቃ የለውም።

እርግጥ ነው፣ ትዝታ ያጣፍጣል። ስደተኛ ስለ አገሩ ወጥ ሲጽፍ ረኀቡን ሊዘነጋ፣ የሠራተኛዋን ድካም ሊያልፍ፣ የአንድን አካባቢ ማዕድ የአገር ሁሉ አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል። መፍትሔው አንድን ትልቅ መጽሐፍ መጠበቅ አይደለም፤ እርስ በርሳቸው የሚተራረሙ ብዙ ትናንሽ ምስክርነቶችን መሰብሰብ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። የኮሙኒቲ ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች የመጀመሪያዎቹን መጤዎች በየቋንቋቸው ሊቀዱ ይችላሉ። መዝጋቢው ስለ ወጡ ብቻ ሳይሆን ስለ ዱቄቱ ዋጋ፣ ስለ ፈረቃ ሥራው፣ በምጣዱ ዙሪያ ስለ ተሰበሰቡት ጎረቤቶችም ይጠይቅ። ቅጂውም በግለሰብ ስልክ እንዳይቀር የጥቁር ሕዝቦችን ታሪክ ለሚጠብቀው የኦበርን ጎዳና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ቢቀርብ መልካም ነው። የ1980ዎቹ መጤዎች ዛሬ አያቶች ሆነዋል። ምጣዱን ልጆች ይወርሱታል፤ ሊጡ በመጀመሪያው ክረምት እንዴት አልቦካ ብሎ እንዳስቸገረና በምን ዘዴ እንደ ቦካ የሚያውቁት ግን እነርሱ ብቻ ናቸው።