ካሚሪቱ፦ መንደር ያነጸው መድረክ

የቴያትር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በጸሐፍተ ተውኔትና በታላላቅ አዳራሾች ስም ነው። ጣሪያ ያልነበረው፣ በገበሬዎችና በላብ አደሮች እጅ የታነጸ፣ ዕድሜውም ከአምስት ዓመት ያልዘለለ አንድ የመንደር መድረክ ግን በአፍሪካ የቴያትር ታሪክ ውስጥ ከብዙ ባለግርማ አዳራሾች የላቀ ስፍራ ይዟል። ይኸውም በኬንያ፣ ከናይሮቢ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሊሙሩ አካባቢ የነበረው የካሚሪቱ መድረክ ነው።

ካሚሪቱ ነዋሪዎቹ በገዛ ፈቃዳቸው የመሠረቱት መንደር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት የማው ማው አርበኞችን ከሕዝቡ ለመነጠል ሲል ገበሬውን ከየቀዬው እያፈናቀለ በግድ ካሰፈረባቸው መንደሮች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ነፃነት ከተገኘ በኋላም የነዋሪው ኑሮ እምብዛም አልተለወጠም። ከፊሉ በሻይ እርሻዎች በቀን ሠራተኛነት፣ ከፊሉም በአካባቢው የጫማ ፋብሪካ በላብ አደርነት ይተዳደር ነበር። ለወጣቶች ማዕከል ተብሎ በተከለለው አራት ኤከር መሬት ላይም ሊፈርስ ከተቃረበ ባለ አራት ክፍል የጭቃ ቤት በቀር የሚታየው ሣር ብቻ ነበር።

የሥራው መነሻ የአንዲት የመንደሩ ሴት ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ይህች ሴት በአንድ እሑድ ማለዳ ወደ ደራሲው ወደ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ቤት ሄዳ፣ ያካበተውን ዕውቀት ለመንደሩ ሰው እንዲያካፍል ጠየቀችው። አንድ ጊዜ ጠይቃም አልተወችም፤ እሑድ በመጣ ቁጥር እየተመላለሰች ወተወተችው። ንጉጊ በዚያን ጊዜ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ መምህር ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ የጻፋቸው ልብ ወለዶች ዝናውን ከአፍሪካ ውጭ አድርሰውለት ነበር። ይሁን እንጂ መጻሕፍቱን የገዛ መንደሩ ሰዎች ሊያነቧቸው አይችሉም ነበር። የሴትዮዋ ጥያቄ ይህን እውነት ከፊቱ ደቀነበት።

በዚያው ዓመት የደረሰ ሌላም ነገር ነበር። ንጉጊ ከሚቼሬ ጊታይ ሙጎ ጋር በመተባበር ስለ ማው ማው መሪው ስለ ዴዳን ኪማቲ የደረሰው ተውኔት በኬንያ ብሔራዊ ቴያትር እንዲታይ ሲጠየቅ፣ ቅድሚያው ለውጭ አገር ዝግጅቶች በመሰጠቱ የተፈቀዱለት ጥቂት ቀናት ብቻ ነበሩ። ነፃ በወጣ አገር መዲና፣ ለነፃነት የተዋደቀው ጀግና መድረክ ለማግኘት ደጅ መጥናት ነበረበት።

በካሚሪቱ የተቋቋመው የትምህርትና የባህል ማዕከል ሥራውን የጀመረው በቴያትር ሳይሆን በመሠረተ ትምህርት ነው። የጎልማሶችን ትምህርት ያቀነባበረው በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው መምህር ንጉጊ ዋ ሚሪ ነበር። ፊደል መቁጠርና ኑሮን መመርመር ተነጣጥለው አልተሰጡም፤ ተማሪው የሚጽፋት ቃል ከዕለት ኑሮው የተቀዳች፣ ለውይይትም በር የምትከፍት እንድትሆን ተደረገ። በ1976 መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ማንበብና መጻፍ ቻሉ። ቴያትሩ የተወለደው ከዚህ የመማሪያ ክፍል ነው።

ሁለቱ ንጉጊዎች በጊኩዩ ቋንቋ «ንጋሂካ ንዴንዳ» ማለትም «ባሻኝ ጊዜ አገባለሁ» የተሰኘውን ተውኔት ረቂቅ አዘጋጁ። ታሪኩ ኪጉንዳ ስለሚባል አንድ የእርሻ ሠራተኛ ነው። ኪጉንዳና ሚስቱ ዋንጌቺ አንድ ኤከር ተኩል መሬት አላቸው፤ የባለቤትነት ሰነዱም ከቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለጸጋው ኪዮይ ጋብቻቸውን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዲያጸድቁ ይገፋፋቸዋል። ባልና ሚስቱ ለሠርጉ ወጪ መሬታቸውን አስይዘው ከባንክ ይበደራሉ፤ በመጨረሻም መሬቱ ከእጃቸው ይወጣል። የሰነዱ ከግድግዳ መውረድ ለከተሜ ተመልካች ተራ የመድረክ ድርጊት ሊመስል ይችላል፤ መሬቱን ለተነጠቀ ገበሬ ግን የሕይወቱ ታሪክ ነበር።

ረቂቁ ለመንደሩ ሸንጎ እንደ ቀረበ የደራሲነት ትርጉም ተለወጠ። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ጽሑፍ ባልደረባ ኪማኒ ጌቻው በአዘጋጅነት የመራው ልምምድ በዐደባባይ፣ ሁሉም እያየ የሚካሄድ በመሆኑ፣ ተመልካቹ ያሻውን ለማረም አልተቆጠበም። ሽማግሌዎች አረጋዊ ሰው እንዲህ አይናገርም እያሉ ቃለ ተውኔቱን አቃኑ። አሮጊቶች የቀድሞውን የሠርግ ዜማና ሥርዓት አስተማሩ። የፋብሪካ ሠራተኞች ስለ ደመወዝና ስለ ምርት የሚነገረው ቃል ከሚያውቁት ኑሮ ጋር እንዲጣጣም አደረጉ። ለመድረክ የሚያገለግሉትን አስመሳይ ጠመንጃዎች የሠራው ሰው፣ በ1950ዎቹ ለማው ማው ተዋጊዎች እውነተኛ ጠመንጃ ይሠራ የነበረው ራሱ ነበር። ምሁራኑ መምህር ሆነው ወደ መንደሩ ገቡ፤ ስለ ገዛ ቋንቋቸውና ስለ ገዛ ታሪካቸው ግን ተማሪዎች ሆኑ።

መድረኩንም ያነጸው ይኸው ሕዝብ ነው። ወጣቶች በክብሪት እንጨት አስመስለው ሞዴሉን ሠሩ፤ በግማሽ ክብ የተቀለሰና ጀርባው በቀርከሃ የታጠረ መድረክ፣ ከሁለት ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ የተመልካች ስፍራም ተዘጋጀ። ተውኔቱ የማው ማው ትግል በተጀመረ በ25ኛው ዓመት፣ እሑድ ጥቅምት 2 ቀን 1977 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ ቀረበ። ልምምዱን ለወራት የተከታተለው የመንደሩ ሰው ቃሉን በልቡ አጥንቶት ነበር። በአንድ እሑድ ዝናብ ትርዒቱን ሦስት ጊዜ ያህል ቢያቋርጠው፣ ተመልካቹ ከየዛፉና ከየጣሪያው ሥር እየተጠለለ፣ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ወደ ስፍራው እየተመለሰ እስከ ፍጻሜው አየው።

ይህ አንድነት ባለሥልጣኖችን አሰጋ። ኅዳር 16 ቀን 1977 (እ.ኤ.አ.) ማዕከሉ ሕዝብ እንዲሰበስብ የተሰጠው ፈቃድ ተነሣ፤ ትርዒቱም ታገደ። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተይዞ ያለ ፍርድ በካሚቲ እስር ቤት አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ታሰረ። በእስር ቤቱ ውስጥም በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በጊኩዩ ልብ ወለድ ጻፈ። በመንደሩ የተማረው ትምህርት እስር ቤት ድረስ ተከትሎት ነበር።

ቡድኑ ግን አልተበተነም። በ1982 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በቅኝ አገዛዝ ዘመን ስለ ነበረው የጉልበት ብዝበዛ የሚተርከውንና በልዩ ልዩ የኬንያ ብሔረሰቦች ዜማዎች የተሞላውን «ማይቱ ንጁጊራ» ማለትም «እናቴ ሆይ፣ ዘምሪልኝ» የተሰኘ ሙዚቃዊ ተውኔት አዘጋጀ። በየካቲት ወር ብሔራዊ ቴያትሩ በሩን ዘጋባቸው። ልምምዱ ወደ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቢጎርፍለትም ይህም ተከለከለ። በመጋቢት 1982 ማዕከሉ ከሕግ ውጭ ተደረገ፤ የታጠቁ ፖሊሶችም ወደ መንደሩ ዘልቀው መድረኩን ከመሬት ጋር ደባለቁት።

ከዚህ በኋላ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ወደ ብሪታንያ፣ ንጉጊ ዋ ሚሪና ኪማኒ ጌቻው ወደ ዚምባብዌ ተሰደዱ። ሁለቱ በዚምባብዌ የካሚሪቱን አሠራር በትምህርት ቤቶችና በማኅበረሰብ ቴያትር ቡድኖች ዘንድ ዘሩ። ንጉጊ ዋ ሚሪ በ2008 (እ.ኤ.አ.) በመኪና አደጋ እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ የኖረው በዚያው አገር ነው። በመንደሩ የቀረው ተዋናይ ገበሬና ላብ አደር ግን ስደት የሚያስጠልለው አልነበረም፤ የፈረሰውን መድረክ በየዕለቱ እያየ ኖረ። የጋራ ሥራን የሚመራ የጥበብ ሰው ይህን ልዩነት ሊዘነጋው አይገባም፤ ዝናው ለመሪው ሲደርስ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ስሙ ያልተጻፈው ነውና።

ተውኔቱ በግንቦት 2022 (እ.ኤ.አ.) በናይሮቢ፣ ያውም ቀድሞ በሩን በዘጋው በብሔራዊ ቴያትር መድረክ፣ በጊኩዩና በእንግሊዝኛ ቀረበ። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ደግሞ ግንቦት 28 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) በስደት በኖረባት በአሜሪካ አረፈ። በትልቁ አዳራሽ የታየው ተውኔት በመጻሕፍት ላይ የሚታወቀው በሁለት ደራሲዎች ስም ነው፤ ቃሉን ያቃኑት ሽማግሌዎች፣ ዜማውን ያስተማሩት አሮጊቶችና ጠመንጃውን የሠራው እጅ ግን ከየመስመሩ ጀርባ ይገኛሉ። የካሚሪቱን ታሪክ የሚያስተምር ሁሉ ትረካውን ከታዋቂው ደራሲ ሳይሆን እሑድ እሑድ በር ካንኳኳችው ሴት ቢጀምር እውነቱን ይበልጥ ይጠብቃል።