የአዩርቬዳ የሕክምና መጻሕፍት ደራሲዎች እነማን ናቸው?

በሕንድ አገር የተገኘው ጥንታዊ የሕክምና ትምህርት አዩርቬዳ ይባላል፤ ቃሉም በሳንስክሪት ቋንቋ የዕድሜ ዕውቀት ማለት ነው። የዚህ ትምህርት ዐምዶች ሆነው የሚቈጠሩት ሁለት ታላላቅ መጻሕፍት፥ አንደኛው በቻራካ፥ ሁለተኛው በሱሽሩታ ስም ይጠራሉ። የጋራ መጠሪያቸው የሆነው ሳምሂታ የሚለው ቃል ስብስብ ማለት ነው። ብዙ ሰዎች ከስማቸው ተነሥተው እያንዳንዱን መጽሐፍ አንድ ሊቅ በአንድ ዘመን እንደ ጻፈው አድርገው ይናገራሉ። መጻሕፍቱ ራሳቸው የሚመሰክሩት ግን ሌላ ነው።

የቻራካ ሳምሂታ የትምህርቱን ሐረግ ሲቈጥር ከሰማይ ይጀምራል። ብራህማ የተባለው አምላክ ዕውቀቱን ለፕራጃፓቲ፥ ፕራጃፓቲም አሽቪን ለተባሉት መንትያ አማልክት፥ እነርሱም ለኢንድራ አስተማሩ። በሰው ልጆች ላይ በሽታ በበዛ ጊዜ ጠቢባን በሂማላያ ተራራ አጠገብ ተሰብስበው ባራድቫጃን ወደ ኢንድራ ላኩት፤ እርሱም ተምሮ ተመለሰ። ከዚያም በኋላ አትሬያ ፑናርቫሱ የተባለው መምህር 6 ደቀ መዛሙርት አስተማረ፤ እነርሱም አግኒቬሻ፥ ቤላ፥ ጃቱካርና፥ ፓራሻራ፥ ሃሪታና ክሻራፓኒ ናቸው። ከእነዚህ መካከል አስቀድሞ መጽሐፍ ያዘጋጀው አግኒቬሻ ነው። እንግዲህ በዚህ ሐረግ ውስጥ ቻራካ የለም። ስሙ የሚገኘው በየምዕራፉ መዝጊያ ሲሆን፥ በዚያም አግኒቬሻ የደረሰውን መጽሐፍ ያደሰ ሰው ተብሎ ይጠራል እንጂ ደራሲ አይባልም።

ከቻራካም በኋላ ሌላ እጅ ገብቷል። የካፒላባላ ልጅ ድሪዳባላ፥ መጽሐፉ ጐድሎ ስላገኘው እርሱ እንደ ሞላው በግልጥ ጽፏል። ሊቃውንት ዘመኑን ከ300 እስከ 500 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ያኖሩታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ በ8 ክፍሎች የተመደቡ 120 ምዕራፎች አሉት። ድሪዳባላ ስለ ፈውስ ከሚናገረው ክፍል 17 ምዕራፎችን፥ የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች ደግሞ 12 ከ12 ምዕራፎቻቸው ጋር እንደ ጨመረ ይናገራል፤ ድምሩም 41 ነው። ስለዚህ በቻራካ ስም ከሚጠራው መጽሐፍ ከሲሶው የሚበልጠው ቻራካ ያልነካው ነው። ከዚህም ሌላ፥ የተለያዩ ቅጂዎች የፈውሱን ክፍል ምዕራፎች በአንድ ተራ ስለማያስቀምጡ፥ 17ቱ የትኞቹ እንደ ሆኑ ሊቃውንትን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ቻራካ ማን ነበረ? ቃሉ ተዘዋዋሪ ማለት ነው፤ ደግሞም የያጁርቬዳን ቃል በቃል እየያዘ የሚያስተላልፍ አንድ ማኅበር በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ከዚህም የተነሣ ስሙ የአንድ ሰው ነው ወይስ የማኅበር የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። በ1896 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሊቅ ሲልቫን ሌቪ፥ በ472 ዓ.ም. ወደ ቻይና ቋንቋ በተተረጐመ የቡድሃ ሃይማኖት መጽሐፍ ውስጥ፥ የንጉሥ ካኒሽካ ሐኪም የነበረ ቻራካ የተባለ ሰው መጠቀሱን ገለጠ። ካኒሽካ የነገሠው በ2ኛው መቶ ዓመት ስለ ሆነ፥ ብዙዎች የመጽሐፉን ዘመን ከዚሁ ጋር አያያዙት። ይሁን እንጂ ያ ምስክር ስለ ሐኪሙ ይናገራል እንጂ መጽሐፍ ስለ ማደሱ አይናገርም። የስም መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የሱሽሩታ ሳምሂታም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በመጽሐፉ ታሪክ መሠረት ሱሽሩታ ተማሪ ነው፤ መምህሩም ዳንቫንታሪ የሚባለው የካሺ ንጉሥ ዲቮዳሳ ነው። መጽሐፉ በ5 ክፍሎች 120 ምዕራፎች ካሉት በኋላ፥ ተጨማሪ የሚባል 66 ምዕራፎች ያሉት የመጨረሻ ክፍል ይከተለዋል። በ12ኛው መቶ ዓመት የነበረው ተርጓሚ ዳልሃና፥ መጽሐፉን ያደሰው ናጋርጁና ነው ይላል፤ በዚህ ስም የተጠሩት ሊቃውንት ግን ከአንድ በላይ ናቸው።

የዘመኑ ጥያቄ ክብደት ያለው፥ መጽሐፉ ከጕንጭ ቆዳ ወስዶ የተቈረጠ አፍንጫን ስለ መጠገን ስለሚያስተምር ነው። የቀዶ ሕክምናን ቀዳሚነት የሚፈልጉ ሁሉ ሱሽሩታን ወደ ጥንት ይስባሉ። ሩዶልፍ ሄርንሌ በ1907 ዓ.ም. ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 600 ዓመት ግድም አድርጎት ነበር። ዛሬ ግን አብዛኞቹ መርማሪዎች፥ ጥንታዊው ክፍል ከልደት በፊት ሊጀምር ቢችልም፥ መጽሐፉ በየዘመኑ እየተጨመረበት እስከ 500 ዓ.ም. ግድም እንደ ተፈጸመ ያምናሉ።

ይህንንም በካትማንዱ የሚገኝ በ878 ዓ.ም. የተጻፈ የዘንባባ ቅጠል ቅጂ ያጠናክራል። በታተሙት መጻሕፍት ውስጥ በየምዕራፉ መክፈቻ፥ ትምህርቱ የዳንቫንታሪ ቃል መሆኑን የሚያውጅ ዐረፍተ ነገር አለ። በኔፓል ጥንታውያን ቅጂዎች ግን ይህ ዐረፍተ ነገር አይገኝም። ስለዚህ ትምህርቱ ከአምላክ አፍ ወጣ የሚለው ማኅተም በሁሉም ቦታ የታተመው ዘግይቶ ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የመምህርና የደቀ መዝሙር ታሪኩ ሁሉ ልብ ወለድ ነው ማለት አይገባም። የቤላ ሳምሂታ በታንጃቩር ቤተ መጻሕፍት በአንድ የጐደለ ቅጂ ብቻ ተጠብቆ በ1921 ዓ.ም. በካልካታ ታትሟል። ይህ መጽሐፍ እንደ ቻራካው በ8 ክፍሎች ተመድቦ፥ አትሬያን መምህር አድርጎ ይናገራል። እንደዚሁም በ1890 ዓ.ም. የእንግሊዝ መኰንን ሃሚልተን ባወር በመካከለኛው እስያ በኩቻ ያገኘው፥ በበርች ዛፍ ቅርፊት ላይ በ6ኛው መቶ ዓመት ግድም የተጻፈው ቅጂ፥ ሱሽሩታ የካሺን ንጉሥ ስለ ነጭ ሽንኵርት እንደ ጠየቀው ይተርካል። ከአንድ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች መኖራቸው እንግዲህ የታወቀ ነው፤ የጠፋው ግንዱ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት፥ በጥንታዊ ሕንድ ደራሲ የሚለው ስም ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጥ አለመሆኑ ነው። የመጽሐፉ ቃል ራሱ፥ የአዳሽ ሥራ ያጠረውን ማስፋት፥ የረዘመውን ማሳጠርና አሮጌውን አዲስ ማድረግ እንደ ሆነ ያስረዳል። ለሐኪም የሚያገለግል መጽሐፍ በሽተኛው፥ ዕፁና አገሩ ሲለወጥ ካልታደሰ ይሞታል። ሁሉን ለአንድ ጥንታዊ ስም መስጠት መጽሐፉን የሚያስከብር ቢመስልም፥ እንደ ድሪዳባላ ያሉትን የጐደለውን ሞልተው ሥራቸውን ሳይሸሽጉ የተናገሩትን ሰዎች ድካም ይደመስሳል። የሊቅ ተግባር ከአማልክት ጀርባ የቆሙትን እነዚህን ሰዎች ወደ ብርሃን ማውጣት ነው።