የጉጌ ተራሮች፣ ጎሜ እና እንቁራሪቷ

ከአርባ ምንጭ በስተምዕራብ በደጋው ላይ የተቆረቆረችውና ለረጅም ጊዜ የቦንኬ ወረዳ መቀመጫ ሆና የኖረችው ገረሴ፣ የውጭ አገር ተመራማሪዎች በጽሑፋቸው የጉጌ ተራሮች እያሉ በሚጠሩት ከፍተኛ ምድር ውስጥ ትገኛለች። እንግሊዛዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሂዩ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1948 እና በ1949 በእነዚህ ተራሮች እየተዘዋወረ ናሙና የሰበሰበ ሲሆን፣ የጉዞውን ዘገባም በ1952 አሳትሟል። በናሙናዎቹ ላይ «ቦንጌ ሸለቆ» ብሎ የመዘገበው ስፍራ ከቦንኬ ጋር ያለው የስም መመሳሰል፣ ጉዞው የትኛውን አቅጣጫ እንደያዘ ለመገመት ይረዳል።

ከእነዚህ ተራሮች በቀር ሌላ መኖሪያ የማይታወቅላት ብርቅዬ፣ ማለትም በአንድ አገር ወይም አካባቢ ብቻ የምትገኝ፣ እንቁራሪት ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው ግን እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ስያሜውን የሰጣት ማልኮም ላርገን ሲሆን፣ ስሟም ሌፕቶፔሊስ ሱዛኔ ይባላል። የዚህ ወገን እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን የሚጥሉት በውኃ ውስጥ ሳይሆን በውኃ ዳር ባለ እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብረው ነው፤ ጭራ ያለው እጭ ከተፈለፈለ በኋላ ወደ ውኃው ይገባል። ስለዚህ የምንጩ መኖር ብቻውን አይበቃም፤ በዳሩ ያለው አፈርም ጥላ ሊያገኝ፣ ሳይታረስና በከብት ኮቴ ሳይረገጥ ሊቆይ ይገባል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እንቁራሪቷን በቀይ መዝገቡ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ዝርያዎች ጋር የመደባት፣ መኖሪያዋ ጠባብ ሆኖ ሳለ በእርሻና በግጦሽ ይበልጥ እየተሸራረፈ በመሄዱ ነው።

እንሰትና ገብስ ሲመረትበት በኖረው በዚህ ደጋ የተፈጥሮ ደን ቁርጥራጭ ሊተርፍ የቻለው በአብዛኛው በመንግሥት አዋጅ አልነበረም። የአካባቢው ነዋሪ በሆነው በጋሞ ሕዝብ ባህል መሥዋዕት የሚቀርብባቸው፣ አባቶች የሚቀበሩባቸውና የተከበሩ የሚባሉ ደኖች አሉ፤ በእነርሱ ውስጥ ዛፍ መቁረጥ ጎሜ ነው። ጎሜ የተከለከለውን በመተላለፍ የሚመጣ መዓት ሲሆን፣ በሽታ፣ የሰብል መጥፋትና የዝናብ መቅረት ከእርሱ እንደሚመነጩ ይታመናል፤ ጥፋቱም በዱቡሻ፣ ማለትም በአደባባይ ሸንጎ፣ ይመረመራል። ይህ ሥርዓት የተደነገገው እንቁራሪትን ለማዳን አይደለም፤ ዘመናዊው ጥበቃ ግን እስካሁን ከዚህ የበለጠ ሥራ ሠርቷል ለማለት ይከብዳል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅና ከእርሱ ጋር የመጣው ባህላዊ እምነትን እንደ ኋላ ቀርነት የማየት ፖሊሲ፣ ቀጥሎም የፕሮቴስታንት እምነት መስፋፋት፣ የጎሜን ፍርሃት አላሉት፤ የሕዝቡ መብዛትም ደኑን ለእርሻ ዳረገው።

ከስምጥ ሸለቆው ማዶ በባሌ ተራሮች ያለው ታሪክ መከላከያው ሲላላ ምን ሊከተል እንደሚችል ያሳያል። እዚያ ጉርጦች፣ ማለትም ቆዳቸው ከእንቁራሪት ይልቅ ደረቅና ሻካራ የሆኑት ዘመዶቿ፣ ይኖራሉ። በላርገን ስም የተጠራውና እ.ኤ.አ. በ1978 የተመዘገበው የማልኮም ጉርጥ እንቁላሉን በየብስ፣ በእርጥብ ዕፅዋት መካከል ይጥላል፤ እጩም ምግብ ሳይፈልግ ከእንቁላሉ በያዘው ስንቅ ብቻ ያድጋል። በቺካጎው የሥነ ፍጥረት ተመራማሪ ኦስጉድ ስም የተጠራው ሌላው ጉርጥ ደግሞ የተመዘገበው በ1932 ነበር። ከ1971 እስከ 2009 የተደረጉ 15 የመስክ ጉዞዎችን ያጠናቀረውና በ2013 የታተመው ጥናት፣ የማልኮም ጉርጥ ቢያንስ በአንድ ስፍራ መመናመኑን አረጋግጧል። የእንቁራሪት አስተኔዎችን የሚፈጀው የካይትሪድ ፈንገስ በተራሮቹ ላይ ቢገኝም፣ በእርሱ የታመመ እንስሳ አልተገኘም፤ ግልጹ ጉዳት የደኑ መጨፍጨፍ ነበር። ከ1995 ወዲህ ጥናቱ እስከተደረገበት ጊዜ ድረስ በእርግጠኝነት የታየው የኦስጉድ ጉርጥ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።