ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ምርጫ፤ ከበቅሎ እስከ ካሚዮን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ ሞያሌ ለሚጓዝ ሰው «የትኛው መንገድ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ ባንድ ቃል የሚመለስ ይመስላል። ሞጆን፣ ሻሸመኔን፣ ሐዋሳንና ዲላን ይዞ የሚወርደው አውራ ጎዳና 770 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አብዛኛው መኪናም የሚሄደው በርሱ ነው። ነገር ግን ይህ መሥመር ከጥንት ጀምሮ የተመረጠ አይደለም። ጭነት በበቅሎ ጀርባ በሚጓጓዝበት ዘመን ምርጫው ሌላ ነበረ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ምርጫው መቼና በምን ምክንያት እንደ ተለወጠ፣ ለውጡም በመንገዱ ዳርና ከመንገዱ ውጭ በቀሩት ከተሞች ላይ ምን እንዳስከተለ ነው።

1. የምድሩ አቀማመጥ

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የምድሩን አቀማመጥ ማስተዋል ያስፈልጋል። ከአዋሽ ወንዝ በስተደቡብ የስምጥ ሸለቆው ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተዘርግቶ ይገኛል። በወለሉ ላይ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አባያና ጫሞ የሚባሉት ሐይቆች ተከታትለው ተኝተዋል። የዝዋይ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፣ በምዕራብ የጕራጌ ተራሮች፣ በምሥራቅ ደግሞ እንደ ጭላሎ ያሉት የአርሲ ተራሮች ሸለቆውን ግራና ቀኝ ይዘውት ቆመዋል። የጭላሎ ከፍታ 4,000 ሜትር ያህል ነው።

እንግዲህ በዚህ አቀማመጥ ምክንያት ወደ ደቡብ ለመውረድ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው የምዕራቡ ነው፤ ይኸውም በዓለም ገና፣ በመልካ ቁንጥሬ፣ በጢያ፣ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ ይደርሳል። ሁለተኛው የሸለቆው ሲሆን ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ከተማና በአርሲ ነገሌ በኩል ሻሸመኔ ይገባል። ሦስተኛው የምሥራቁ ነው፤ ከአዳማ ወደ አሰላ ወጥቶ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላና በኮፈሌ ዞሮ እንደገና ወደ ሻሸመኔ ይወርዳል። ሦስተኛው ለአርሲና ለባሌ ሰው ጠቃሚ ቢሆንም ለሩቅ ደቡብ ተጓዥ ዙሪያ ስለሚሆንበት፣ ክርክሩ ሁልጊዜ በመጀመሪያዎቹ በሁለቱ መካከል ነው።

2. የበቅሎ መንገድ

በቅሎና አህያ የሚነዳ ሲራራ ነጋዴ መንገድ ሲመርጥ የሚጠይቀው ስለ ርቀት ብቻ አልነበረም። በየማደሪያው ውኃና ሣር መኖሩን፣ ስንቅ የሚገዛበት ገበያ ከአንድ ቀን ጕዞ ሳይርቅ መገኘቱን፣ አገሩም ለሰውና ለከብት ጤና የሚስማማ መሆኑን ማወቅ ነበረበት።

በዚህ ሚዛን ሲመዘን የሸለቆው ወለል ብዙ ጕድለት ነበረበት። ከዝናብ በኋላ የሐይቆቹ ዳርቻ ረግረግ ይሆናል፤ ከረግረጉም ጋራ የቆላ ንዳድ ይነሣል። በወለሉ ላይ የሚኖረው ሕዝብ በብዛት ከብት አርቢ ስለ ነበረ፣ እህል የሚሸመትበት ገበያ እንደ ደጋው አልተቀራረበም። የምዕራቡ መንገድ ግን ጤናማ በሆነው ወይና ደጋ በኩል ያልፋል። አገሩ የእንሰት አገር ነው፤ እንሰት በጠባብ መሬት ብዙ ሰው ስለሚመግብ መንደሩ የተጠጋጋ፣ ገበያውም የተቀራረበ ነው። በጢያ የሚገኙትና በአውሮፓ አቈጣጠር በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡት ትክል ድንጋዮች በዚሁ መሥመር ዳር መቆማቸው፣ አካባቢው ከጥንት ጀምሮ ሰው የሰፈረበት መሆኑን ያስረዳል።

የምዕራቡ መንገድ ችግሩ ከተራራው የሚወርዱት ብዙ ጅረቶች ናቸው። ይሁን እንጂ በቅሎ ጅረት በእግሯ ትሻገራለች፤ ውኃው ከሞላም ነጋዴው እስኪጐድል ድረስ ሰፍሮ ይጠብቃል። ዛሬ ለመንገድ ሠሪ ትልቅ ወጪ የሚሆነው ወንዝ ያን ጊዜ የግማሽ ቀን መዘግየት ብቻ ነበረ።

ይህን ስንል ግን በሸለቆው የሄደ ሰው አልነበረም ማለታችን አይደለም። በበጋ ረግረጉ ሲደርቅ መንገዱ ይከፈት ነበረ። እንግሊዛዊው ሻምበል ዌልቢ በ1891 ዓ.ም. ወደ ሩዶልፍ (ዛሬ ቱርካና) ሐይቅ ሲጓዝ የሸለቆውን ሐይቆች መሥመር ተከትሎ ወርዶአል። ዐፄ ምኒልክም ወደ ወላይታ የዘመቱት ክረምቱ ካለፈ በኋላ በ1887 ዓ.ም. ነበረ፤ ከርሳቸው ጋራ የነበረው ፈረንሳዊ ቫንደርሔም ዘመቻውን በመጽሐፍ ገልጾታል። በዚያ ዘመቻ ብዙ ሕዝብ አልቆአል፤ ብዙ ምርኮኛም ተነድቶአል። ወደ ደቡብ በሚወስዱት መንገዶች ሁሉ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ብቻ ሳይሆን ባሪያም ይጓጓዝ እንደ ነበረ የመንገድን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሊዘነጋው አይገባም።

3. ባቡርና ካሚዮን ያመጡት ለውጥ

ምርጫውን የለወጠው የመጀመሪያው ነገር ከደቡብ ሳይሆን ከምሥራቅ የመጣ ነው። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ሞጆ በሐዲዱ ላይ ካሉት ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። ከደቡብ የሚመጣው ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ለመውረድ ወደ አዲስ አበባ መውጣት አላስፈለገውም፤ ሞጆ ላይ ከሐዲዱ ጋራ ሊገናኝ ይችላል። ስለዚህ የሸለቆው መንገድ ለተጓዥ ባይመችም እንኳ ለሸቀጥ አቋራጭ ሆነ። ዛሬም ሞጆ የደረቅ ወደብ ሥፍራ መሆኗ የዚያው ምክንያት ተከታይ ነው።

ሁለተኛው ነገር ካሚዮን ነው። ካሚዮን ሣር አይግጥም፤ ንዳድም አይዘውም። በየማደሪያው ገበያ አያስፈልገውም፤ በቅሎ በብዙ ቀን የምትሄደውን ባንድ ቀን ይጨርሳልና። በአንጻሩ በቅሎ የማትፈራውን ይፈራል፤ ይኸውም ዳገትን፣ ድልድይ የሌለውን ጅረትና ጭቃን ነው። በዚህ በአዲሱ ሚዛን የሸለቆው ወለል ነቀፌታው ሁሉ ቀርቶለት ተመራጭ ሆነ። ምድሩ ሜዳ ነው፤ ድልድይ የሚሹት ወንዞች ጥቂት ናቸው፤ በሐይቆቹ አካባቢ ያለው ከእሳተ ገሞራ የወጣ አሸዋማ አፈርም ውኃን ቶሎ ያሰርጋል። የምዕራቡ መንገድ ግን በየጥቂቱ ርቀት ድልድይ የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ምድሩ ሳይለወጥ ተሸካሚው ስለ ተለወጠ ብቻ ክፉው መንገድ ደኅና፣ ደኅናው መንገድ ክፉ ተባለ።

4. የጦርነት ምስክርነት

ይህን ለውጥ ከሁሉ አስቀድሞ በግልጽ ያሳየው ጦርነት ነው። በ1928 ዓ.ም. የደቡብ ጦር አዛዥ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው ከሲዳሞ ተነሥተው ወደ ዶሎ ሲወርዱ፣ ሠራዊታቸው በእግርና በአጋሰስ የሚጓዝ ነበረ። በረሓው፣ የስንቅ ማነስና በሽታ ከጠላት ጥይት ጋራ ተባብረው ጐዱት። በጥር ወር የግራዚያኒ በመኪና የተጫነ ጦር ያንኑ በረሓ በጥቂት ቀን አቋርጦ ነገሌን ያዘ። ራስ ደስታ ግን ትግሉን አላቆሙም፤ ከሲዳሞ ደጋ እየተዋጉ ወደ ጕራጌ አገር ተሻግረው፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተገደሉ።

ካሚዮንም ቢሆን ሁልጊዜ አላሸነፈም። በ1933 ዓ.ም. ከኬንያ የተነሣው የደቡብ አፍሪካ ጦር ሜጋን የካቲት 11 ቀን ሲይዝ፣ ዝናብ በጣለበት መሬት መኪናዎቹ በጭቃ እየተያዙ ብዙ ደክሞአል። አዲስ አበባ መጋቢት 28 ቀን ከተያዘች በኋላ ሌላው የእንግሊዝ ጦር የሐይቆቹን መሥመር ይዞ ወደ ደቡብ ወረደ፤ እርሱንም ዝናቡ አዘገየው። ሻሸመኔ ግንቦት 6 ቀን ተያዘች፤ ከስምንት ቀን በኋላ ሶዶ ወደቀች። ከዚህ የምንረዳው ሻሸመኔን የያዘ ሰው የሐዋሳንም የወላይታንም መንገድ ሊይዝ መቻሉን ነው። ከተማዪቱ በኋላ በንግድ ያገኘችውን ሥፍራ ጦርነቱ አስቀድሞ አመልክቶአል።

5. የአውራ ጎዳናው ውሳኔና የከተሞች ዕድል

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ፣ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትን አቋቋመ። ወደ ደቡብ ዋና ሆኖ የጸናው የሸለቆው መሥመር ነው። የቡታጅራና የሆሳዕና መንገድ አስፋልት ያገኘው ከርሱ በጣም ዘግይቶ ነው።

ውጤቱ በከተሞች ላይ ታይቶአል። ሻሸመኔ የአዲስ አበባ፣ የሐዋሳ፣ የወላይታና የባሌ መንገዶች የሚገናኙባት መስቀለኛ በመሆኗ ትልቅ የንግድ ከተማ ሆነች። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው የይርጋ ዓለምና የሐዋሳ ነገር ነው። ይርጋ ዓለም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ ነገር ግን የምትገኘው ከአውራ ጎዳናው ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብላ ነው። ሐዋሳ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ በሐይቁ ዳር፣ በአውራ ጎዳናው ላይ የተቈረቈረች አዲስ ከተማ ናት። ዋና ከተማነቱ ከጊዜ በኋላ ወደ ሐዋሳ ተዛወረ። ለዚህ መንገዱ ብቸኛው ምክንያት ነው አንልም፤ ሆኖም መኪና በሚያልፍበትና መኪና ገንጥሎ በሚገባበት ሥፍራ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሆንም እንኳ ለአንድ ከተማ ትልቅ ነገር መሆኑን ያሳያል።

6. ከሐዋሳ ወዲያ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ካሚዮን በቅሎን ድል እንዳደረገ ያስመስላል። ከሐዋሳ በስተደቡብ ግን ነገሩ ይለወጣል። መንገዱ ከዲላ አልፎ የሸለቆውን ወለል ይተውና በጌዴኦ ደጋማ አገር በይርጋ ጨፌ በኩል ይወጣል። ለካሚዮን ዳገቱና ጠመዝማዛው አይመችም። ይሁን እንጂ ቡናው የሚገኘው፣ ሕዝቡም ተጠጋግቶ እንሰትና ቡና እያበቀለ የሚኖረው በዚያ ነው፤ መንገዱ ቡናውን ፍለጋ ወጥቶአል ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ከያቤሎ ወዲያ ያለው የቦረና ምድር ደረቅ ስለሆነ ሌላ ሕግ ይገዛዋል። መንገዱ ወደ ሜጋ ሲወርድ የሚያልፈው በዱብሉቅ ነው። ዱብሉቅ ቦረናዎች በሰው ኃይል ቈፍረው፣ በየተራ ቆመው ውኃ እየተቀባበሉ ከብት ከሚያጠጡባቸው ከዘጠኙ የቱላ ጕድጓዶች አንዱ የሚገኝበት ሥፍራ ነው። ሞያሌም የድንበር ኬላ የሆነችው በኅዳር 1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እንግሊዝ ከተዋዋሉት የወሰን ውል በኋላ ነው። እንግዲህ በአንድ ጎዳና ላይ ሦስት ምክንያት ተቀጣጥሎ እናያለን፤ በሸለቆው የካሚዮኑ፣ በጌዴኦ የቡናው፣ በቦረና የውኃው።

7. መደምደሚያ

ዛሬ ጥያቄው እንደገና ተነሥቶአል። በኬንያ በኩል ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ለብሶአል፤ በሞያሌም የሁለቱ አገሮች የጋራ ኬላ በአውሮፓ አቈጣጠር በታኅሣሥ 2020 ተመርቆአል። ከሞጆ እስከ ሐዋሳ 202 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የክፍያ ፈጣን መንገድ ተጀምሮ እስከ ባቱ ያለው ክፍል ለመኪና ተከፍቶአል። ፈጣኑ መንገድ በከተሞች መካከል ሳይሆን በጐናቸው የሚያልፍ ነው። በአሮጌው ጎዳና ዳር ምግብ፣ ፍራፍሬና ዓሣ ለመንገደኛ እየሸጠ የሚኖረው ሕዝብ፣ ያለፈው ምርጫ ይርጋ ዓለምን የጠየቃትን ጥያቄ አሁን በተራው ይጠየቃል።

ለተጓዡ ከታሪኩ የምናገኘው ምክር ይህ ነው። እስከ ሞያሌ የሚሄድ ሰው የሸለቆውን መንገድ ቢይዝ ይቀናዋል። ወደ ወላይታ ወይም ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ ግን ከልማድ የተነሣ በሻሸመኔ መዞር አይገባውም፤ ድልድዩ ተሠርቶ አስፋልቱ ከተነጠፈ ወዲህ በቡታጅራና በሆሳዕና ቢሄድ እስከ ሶዶ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀንስለታል። የነጋዴው አሮጌ መንገድ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደገና አጭሩ መንገድ ሆኖአል።

መንገድ ለሚቀይሱት ደግሞ የምናሳስበው አለን። «ከሁሉ የሚሻለው» የተባለው መሥመር በየዘመኑ የተለየው ጭነቱን የሚሸከመው ነገር ስለ ተለየ ነው፤ ከመንገዱ ውጭ የሚቀረው ሕዝብ ግን በማናቸውም ዘመን ተጠይቆ አያውቅም። ስለዚህ የመሥመር ምርጫ ሲጠና ርቀቱና የድልድዩ ወጪ በሚቈጠርበት ገበታ ላይ፣ መንገዱ የሚተዋቸው ገበያዎችና መንደሮችም አብረው ይቈጠሩ ዘንድ ይገባል እንላለን። በየአገሩ ያሉት ተማሪዎችም ከአዛውንት ነጋዴዎችና ከቀድሞ ካሚዮን ነጂዎች የየማደሪያውን ስም ሳይጠፋ ቢሰበስቡ፣ ለዚህ ጥናት ትልቅ እርዳታ ይሆናል።